ዘማች ነው የተባለ ሞተርሳይክል እንዴት ይመረመራል?

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ወዳጄ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ኖርማንዲ የዘመተ ሃርሊ አገኘሁ። ሰውየው ዛሬ ቀብድ ካላስያዝክ ለሌላ እሸጠዋለሁ ይላል» አለኝና ፎቶግራፎች ላከልኝ። ኖርማንዲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በሰኔ 1944 የአሜሪካና የአጋሮቿ ጦር ከባሕር የወረደበት የፈረንሳይ ጠረፍ ነው። ከላይ እስከ ታች የወታደር አረንጓዴ የተቀባ፣ በነዳጅ ታንኩ ላይ ነጭ ኮከብ ያለበት፣ በፊት ሹካው ጎን የቆዳ የጠመንጃ ማኅደርና የጥይት ሣጥን የታሰረበት ሞተርሳይክል ነው። በእውነት ያምራል። ይሁንና በፎቶግራፎቹ ላይ ካየሁት ውስጥ ጦር ሜዳ መዋሉን የሚያሳይ አንድም ነገር አልነበረም። ኮከቡ፣ ማኅደሩ፣ ሣጥኑ፣ በታንኩ ላይ ያለው የመመሪያ ሰሌዳ ሳይቀር ዛሬ አዲስ እየተሠራ በገበያ የሚሸጥ ነው። «ቀብዱን ተወው። መጀመሪያ በግራ በኩል ከሲሊንደሮቹ ሥር የተመታውን ቁጥር በቅርብ አንስተህ ላክልኝ» አልኩት።

አያቴ አርበኛ ነበር። ያልዋለበትን ውሎ የሚተርክ ሰው ሲያጋጥመው ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ተነስቶ ይወጣል። እኔም ስለ ብረት ሲሆን እንደ እሱ ነኝ። ላልዘመተ ሞተርሳይክል የዘመቻ ታሪክ መለጠፍ ገዢውን ያከስራል፤ ከዚያ በላይ ግን በጭቃና በጨለማ መልእክት ተሸክሞ የነዳውን ልጅ ታሪክ ለማያውቀው ብረት ማደል ነው። ስለዚህ እኔ የምከተለውን አሠራር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስቀምጣለሁ። ዋና ምሳሌዬ የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ደብልዩ ኤል ኤ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፈትቼ የገጠምኩት እሱን ነውና። የእንግሊዙን ቢ ኤስ ኤና የጀርመኖቹንም በየቦታቸው አነሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ ጥያቄውን ይክፈሉት

ሻጩ «ጦርነት የዋለ ነው» ሲል በአንድ ዓረፍተ ነገር አራት ነገር ተናግሯል። አንደኛ፣ ሞተርሳይክሉ እሱ የሚለው ሞዴል ነው። ሁለተኛ፣ ፋብሪካው የሠራው ለሠራዊት ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ሠራዊት ተረክቦ ወደ አንድ አገር ወስዶታል። አራተኛ፣ አንድ የታወቀ የጦር ክፍል በአንድ የታወቀ ቦታ ተጠቅሞበታል። እያንዳንዱ የየራሱን ማስረጃ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብረቱ ራሱ ይመልሳቸዋል። ሦስተኛውን አልፎ አልፎ ጫፉን ያሳያል። አራተኛውን ግን ወረቀት ወይም ፎቶግራፍ ካልሆነ ብረት በፍጹም አይመልሰውም።

ሰዎች የሚታለሉት ሻጩ ሁለተኛውን አሳይቶ የአራተኛውን ዋጋ ሲጠይቅ ነው። የሞተር ቁጥሩ ወታደራዊ ነው፤ እውነት ነው፤ ያ ግን ኖርማንዲን አያመጣም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ90,000 በላይ ደብልዩ ኤል ኤ ተመርቷል። ከዚህ ውስጥ ከ30,000 በላይ የሚሆነው አሜሪካ ለአጋሮቿ የጦር ዕቃ ባቀረበችበት በብድርና ኪራይ ሕግ ለሶቪየት ኅብረት ተሰጥቷል። በአሜሪካ ሠራዊት እጅ የቀረውም ቢሆን ሥራው በአብዛኛው መልእክት ማድረስ፣ የመኪና ኮንቮይ ማጀብና የወታደራዊ ፖሊስ የመንገድ ጥበቃ ነበር። ጂፕ ከመጣ በኋላ ደግሞ ቦታው ይበልጥ ጠበበ። ከአሜሪካ ምድር ሳይወጣ በጦር ሰፈር ውስጥ ሲመላለስ ጦርነቱ ያለቀበት ሞተርሳይክል ብዙ ነው። ወታደራዊ ሁሉ ዘማች አይደለም።

አንደኛ እርምጃ፦ ሞዴሉንና ዘመኑን ያጣሩ

የደብልዩ ኤል ኤ ስም ራሱ ያወራል። የመጨረሻዋ ፊደል «ኤ» አርሚ የሚለው ቃል መነሻ ናት። 740 ሲሲ ገደማ የሆነ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አለው፤ ባልቦላዎቹ ከጎን ናቸው፤ ሦስት ማርሽ አለው፤ ማርሹ በእጅ፣ ፍሪሲዮኑ በእግር ነው። ለካናዳ ሠራዊት የተሠራው ወንድሙ ደብልዩ ኤል ሲ ይባላል።

ዘመንን ከታሪክ ጋር ማስተያየት ምንም መሣሪያ የማይፈልግ ፈተና ነው፤ ብዙ ውሸት የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው «ይህ የጣሊያን ሞቶ ጉዚ አልቼ ማይጨው ላይ የተማረከ ነው» ቢልዎት ውይይቱ እዚያው ያበቃል። የማይጨው ጦርነት የተደረገው በመጋቢት 1936 ነው፤ አልቼ መመረት የጀመረው በ1939። በዚያ ዘመቻ ጊዜ የነበረው የጉዚ ወታደራዊ ሞተርሳይክል ከ1932 ጀምሮ የተሠራው ጂ ቲ 17 ነው። አልቼ በኢትዮጵያ ምድር ነበር ቢባል ጊዜው ከዚያ በኋላ፣ ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን እስከሰጠበት እስከ ኅዳር 1941 ባለው መሆን አለበት። ደብልዩ ኤል ኤም ቢሆን ከጦርነቱ በኋላ ተቋርጦ ከ1949 እስከ 1952 እንደገና ተመርቷል። ከእነዚህ የኋለኞቹ አንዱን ይዞ ስለ ኖርማንዲ የሚያወራ ሰው የራሱን ሞተርሳይክል አያውቅም ማለት ነው።

ጀርመናዊ ነው የተባለ ባለ ሳይድካር ካጋጠመዎት ጥርጣሬዎን እጥፍ ያድርጉ። ሶቪየቶች የቢ ኤም ደብልዩ አር 71ን ንድፍ ተከትለው ኤም 72 የተባለውን ከ1941 ጀምሮ ሠሩ፤ ቻይናዎች ደግሞ ያንኑ መስመር ተከትለው ቻንግ ጂያንግ 750ን ለረጅም ዘመን አመረቱ። ዛሬ ግራጫ ወይም የበረሃ ቀለም ተቀብተው፣ በታንካቸው ላይ የቢ ኤም ደብልዩ ምልክት ተለጥፎባቸው የሚሸጡት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። መለያው ቀላል ነው። የጀርመን ሠራዊት ለጦርነቱ ብሎ ያሠራው አር 75 ባልቦላዎቹ ከላይ ናቸው፤ የኋላ ማርሽ አለው፤ የሳይድካሩም ጎማ በሞተሩ ኃይል ይሽከረከራል። ጎንበስ ይበሉና በኋላ ጎማውና በሳይድካሩ ጎማ መካከል ኃይል የሚያስተላልፍ ዘንግ ይፈልጉ። ዘንጉ ከሌለ፣ የሲሊንደሩም ራስ የባልቦላ ክዳን የሌለው ጠፍጣፋ ክንፋም ብረት ከሆነ፣ በፊትዎ የቆመው አር 75 አይደለም።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የሞተር ቁጥሩን በጣትዎ ያንብቡ

እኛ የለመድነው በሊብሬ ላይ ሁለት ቁጥር ነው፤ የሞተርና የሻንሲ። በዚያ ዘመን ሃርሊ ግን ሻንሲው ላይ ቁጥር አይመታም። ማንነቱ በሙሉ ያለው በሞተሩ ላይ፣ በግራ በኩል ከሲሊንደሮቹ ሥር ባለች ትንሽ ከፍ ያለች ገጽ ላይ ነው። «የሻንሲ ቁጥሩም ይገጥማል» የሚል የደብልዩ ኤል ኤ ሻጭ ካጋጠመዎት ቁጥሩን የመታው ፋብሪካው አይደለም።

በጦርነቱ ዘመን ቁጥሩ በአብዛኛው የሚጀምረው በ42 ነው፤ ቀጥሎ ደብልዩ ኤል ኤ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ከዚያም ተራ ቁጥር። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «የ1942 ስሪት ነው» ይላል። አይደለም፤ ቢያንስ የግድ አይደለም። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ የተሠሩት በ1943ም ሆነ በ1944 ቢወጡ የሚመታባቸው ያው 42 ነው። ትክክለኛው ጊዜ የሚታወቀው ከተራ ቁጥሩና በየዕቃው ላይ ካሉት የቀረጻ ምልክቶች ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ንጹሕ ጨርቅ በላምባ አርሰው ቅባቱን ቀስ ብለው ይጥረጉ። የሽቦ ብሩሽ በጭራሽ አይጠቀሙ፤ እሱ የሚጭረው ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ማስረጃውንም ነው። የእጅ ባትሪውን ፊት ለፊት አያብሩበት፤ ከጎን ዝቅ አድርገው ብርሃኑ በገጹ ላይ እየተንሸራተተ እንዲያልፍ ያድርጉ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቁጥር ጥላ ይጥላል፤ በመፍጫ ማሽን የተፈገፈገ ቦታ ካለም እንደ ሚዶ ጥርስ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ጭረቶች ይታያሉ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው አውራ ጣትዎን ከአካባቢው ሸካራ ብረት ወደ ቁጥሩ ገጽ፣ ከቁጥሩ ገጽ ወደ ሸካራው ብረት ያመላልሱ። ቁጥሩ ያለበት ቦታ በመሐል ጎድጎድ ብሎ ከተሰማዎት ከዚያ ላይ አንድ ነገር ተወስዷል። እኔ በዓይኔ ያለፍኩትን በጣቴ የያዝኩበት ጊዜ አለ።

የቁጥሮቹን ቅርጽ እውነተኛነታቸው ከታወቀ ሞተሮች ፎቶግራፍ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ፋብሪካው የተጠቀመበት ማኅተም የራሱ ፊደል ነበረው፤ ዛሬ ከመሣሪያ ሱቅ የሚገዛ የቁጥር ምት ከእሱ ጋር አይመሳሰልም። መስመሩ ፍጹም ቀጥ ባይል አይደንግጡ፤ በእጅ ነው የሚመታው።

ቁጥሩ ተነካክቶ ካገኙት ይውጡ። «ላስተካክለው» ብለው ማንንም እንዳያስመቱ። በብዙ አገር፣ አሜሪካን ጨምሮ፣ ቁጥሩ የተለወጠ ተሽከርካሪ በፖሊስ ሊያዝ ይችላል፤ ታሪኩ ይቅርና ንብረቱም አይተርፍዎትም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ሆዱን ይዩ

የሃርሊ ሞተር ታችኛው ቤት፣ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚሽከረከርበት ማለቴ ነው፣ ግራና ቀኝ ሁለት ግማሽ ነው። ፋብሪካው ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ ገጥሞ ካስተካከለ በኋላ እንዳይለያዩ በሁለቱም ሆድ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታል። መሬት ላይ ተኝተው ከሥር በመስተዋትና በባትሪ ያነቡታል። ሁለቱ ከተመሳሰሉ ግማሾቹ አብረው ተወልደዋል። ካልተመሳሰሉ በአንድ ወቅት አንዱ ተሰብሮ ሌላ ተተክቷል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው ነገር አለ። አለመመሳሰል በራሱ የሐሰት ምልክት አይደለም። ሠራዊት ሞተርሳይክልን እንደ ሰብሳቢ አይንከባከብም። ሞተሩ ነክሶ ሲቆም ሙሉ ሞተር አውጥቶ ሌላ ይገጥማል፤ በዴፖ (በሠራዊቱ መጠገኛ) ውስጥ አሥር ሞተር በአንድ ላይ ተፈትቶ ዕቃው ተቀላቅሎ ይገጣጠማል። ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ ከዚያ አካባቢ የወጡ ደብልዩ ኤል ኤዎች ደግሞ ለአሥርት ዓመታት በተገኘው ዕቃ ሁሉ ሲጠገኑ የኖሩ ናቸው። ከቁጥር እስከ ብሎን አንድም ነገር ያልተነካካ «ዘማች» ሳይ ይበልጥ እጠይቃለሁ።

አራተኛ እርምጃ፦ ቀለሙን እንደ ገጽ ይግለጡ

ይህ የምወደው ክፍል ነው። ከጦርነቱ በኋላ ትርፍ የሆኑት ሞተርሳይክሎች ለሲቪል በርካሽ ተሸጡ፤ ገዢዎቹም ያንን የደነዘዘ አረንጓዴ ጠልተው ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ቀቧቸው፤ ፓራፋንጎውን ቆረጡ፤ የሚያብረቀርቅ ኒኬል አስለበሱ። በኋላ የሰብሳቢ ዘመን ሲመጣ ሌላው ደግሞ መልሶ አረንጓዴ ቀባ። ስለዚህ እውነተኛ የጦርነት ዘመን ቀለም የሚገኘው ላይ ሳይሆን ታች ነው።

የሚፈልጉበት ቦታ ቀቢ የማይደርስበት ነው፤ ታንኩ ሻንሲው ላይ በሚያርፍበት ሥር፣ ከመቀመጫው ምሰሶ ጀርባ፣ ከፓራፋንጎ ማሰሪያዎች ሥር፣ በመሪው አንገት ውስጠኛ በኩል። የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥም ይዩ፤ ሣጥኑ ግን ከሌላ ሞተርሳይክል ሊመጣ ስለሚችል የሻንሲውን ምስክርነት ያስቀድሙ። ባለቤቱን አስፈቅደው የጥፍር ያህል ቦታ ይምረጡና በውኃ በተነከረ በጣም ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት በክብ በክብ ያሹት። መሐሉ እየጠለቀ ዳሩ እየሰፋ ሲሄድ ንብርብሮቹ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ይወጣሉ።

ንባቡ እንዲህ ነው። ከብረቱ ወደ ላይ መሠረት ቀለም፣ ደነዝ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቀይ፣ እንደገና አረንጓዴ ከሆነ ታሪኩ ይሄዳል። አረንጓዴው ከሁሉ በላይ አንድ ጊዜ ብቻ ካለ፣ ከሥሩም የሲቪል ቀለም ብቻ ከሆነ፣ ሻንሲው ወይ ወታደራዊ አልነበረም ወይ ተቦርሾ እንደ አዲስ ተቀብቷል። አረንጓዴ ቀለም በዝገት በተበላ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ካገኙት ዝገቱ ይቀድማል፤ ፋብሪካ ደግሞ የዛገ ብረት አይቀባም። የጦርነቱ ዘመን አረንጓዴ ብርሃን የማይመልስ ደነዝ እንደነበረም ያስታውሱ፤ ፈዘዝ ያለም ቢሆን ብልጭታ ያለው አረንጓዴ በብዛት የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ብሎኖቹና ዳዶዎቹም በፎስፌት የታከሙ፣ ጥቁር ግራጫ የመሰሉ ነበሩ እንጂ የሚያበሩ አልነበሩም።

በታንኩ ላይ የተጻፈው የሠራዊት መዝገብ ቁጥር ከሥር ከወጣ ሥራዎን አቁመው ፎቶግራፍ ያንሱ። በአሜሪካ ሠራዊት የሞተርሳይክል ቁጥር የሚጀምረው በ6 ነው። ቁጥሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሩቅ በማይለይ ደብዛዛ ሰማያዊ ግራጫ ይጻፍ ነበር፤ በኋላ ነጭ ሆነ። ከንብርብሩ ሥር አንድ ሙሉ የመዝገብ ቁጥር ማግኘት ከማንኛውም የቆዳ ማኅደር በላይ ዋጋ አለው፤ አራተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የሚያበቃዎት እሱ ብቻ ነው። በንጹሕ ነጭ በአዲሱ ቀለም ላይ የተጻፈ ቁጥር ግን «ከየት አመጣኸው?» የሚል ጥያቄ ነው እንጂ መልስ አይደለም።

ስለ ተለጣፊ ዕቃዎች በአጭሩ

በሌሊት ጠላት እንዳያየው የተሸፈነው የጨለማ መብራት፣ ከሞተሩ ሥር ያለው መከላከያ ሳህን፣ በዘይት የሚሠራው ትልቅ የአየር ፊልትሮ፣ የጥይት ሣጥኑ፣ የማኅደሩ ማንጠልጠያ፦ ሁሉም በደብልዩ ኤል ኤ ላይ በእርግጥ ነበሩ፤ ሁሉም ዛሬ በግልባጭ ይሠራሉ። ስለዚህ ዕቃውን ትተው ዕቃው የታሰረበትን ቦታ ይመልከቱ። ለዓመታት የተሸከመ ማንጠልጠያ ሹካውን ይፈገፍገዋል፤ የብሎኑ ቀዳዳ ወደ አንድ በኩል ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው ቀለም ከአካባቢው ይለያል። ትናንት የተበሳ ቀዳዳ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። ስለ ጥይት ቀዳዳም ይኸው ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ብርማ ሆኖ ዙሪያው ያረጀ ከሆነ ቀዳዳው ከቀለሙ ያነሰ ዕድሜ አለው።

እንግሊዛዊ ከሆነ

ለቢ ኤስ ኤ ኤም 20 ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። 496 ሲሲ የሆነ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ዝግተኛ፣ ከባድ፣ የማይሞት ሞተርሳይክል ነው፤ ከ120,000 በላይ ተሠርቶ በሰሜን አፍሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ አገልግሏል። የጦርነቱ ዘመን ቁጥሮች ከኤም 20 በፊት «ደብልዩ» የሚለውን ፊደል ይይዛሉ። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ግን እንዲመሳሰሉ አይጠብቁ፤ ከፋብሪካም ሲወጡ የተለያዩ ነበሩ። «ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ነው» ተብሎ የሚሸጥ የጦርነት ዘመን ኤም 20 በዚያው ራሱን ያጋልጣል።

በብሪታንያ ሠራዊት የሞተርሳይክል የመዝገብ ቁጥር «ሲ» በሚለው ፊደል ይጀምራል፤ በታንኩ ሁለት ጎን ይጻፋል። ቀለሙም ዘመን ይናገራል፤ እስከ 1942 አካባቢ አረንጓዴ ካኪ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከ1944 ወዲህ የወይራ አረንጓዴ። በ1940 በተሠራ ሻንሲ ላይ ከአረንጓዴው በላይ ቡናማውን ካገኙ ሞተርሳይክሉ በጦርነቱ መካከል ሠራዊቱ እጅ ሆኖ እንደገና እንደተቀባ ጥሩ ፍንጭ ይዘዋል።

ሌላ የምወደው ምልክት የጎማ እጦት ነው። ጃፓን በ1942 ማላያን ስትይዝ የእንግሊዝ የጎማ ምንጭ ደረቀ። ከዚያ በኋላ የወጡት ኤም 20ዎች የእግር ማሳረፊያቸው ባዶ ብረት፣ የመሪ መያዣቸው በሸራ የተጠቀለለ፣ በታንኩ ጎን የነበረውም የጉልበት ጎማ የቀረ ሆነ። የ1943 ስሪት ላይ ጥቁር አዲስ ጎማ በየቦታው ሲያዩ ሐሰት ነው አይበሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ ምቾት የፈለገ ሰው ገጥሞት ይሆናል። የ1940 ስሪት ላይ ሸራው ካለ ግን ወይ በዴፖ ታድሷል ወይ ሻጩ ከመጽሐፍ አይቶ ገጥሞታል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎት የሸራው እርጅናና ከሥሩ ያለው ብረት ነው።

በዕቃዎች ላይ የሚመታው ቀስት የመሰለ ምልክት የመንግሥት ንብረት ማለት ነው። በ«ሲ» ፊደል ውስጥ ከሆነ የካናዳ ነው። ምልክቱ ከጦርነቱ በፊትም በኋላም ስላገለገለ ብቻውን ጦርነትን አያሳይም።

ወረቀት ፍለጋ

እስካሁን ያደረጉት ሁሉ ከጋራዥ አያስወጣም። አራተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ቤተ መዛግብት ነው፤ ሰው የሚሰንፈውም እዚህ ነው።

ለቢ ኤስ ኤና ለአንዳንድ የእንግሊዝ ስሞች የእንግሊዙ ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ የፋብሪካ የመላኪያ መዝገቦችን ይዟል። በክፍያ ቁጥርዎን አይተው ሞተርሳይክሉ መቼና ለማን እንደተላከ ይነግሩዎታል። ይህ ሁለተኛውን ጥያቄ በወረቀት ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ለንደን አጠገብ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የጦር ክፍሎች የዕለት መዝገብ አለ፤ የሰሜን ምዕራብ አውሮፓው ደብልዩ ኦ 171፣ የመካከለኛው ምሥራቁ ደብልዩ ኦ 169 በሚል መለያ ሥር ይገኛል። ከእነዚህ የአንድን ሞተርሳይክል ቁጥር አገኛለሁ ብለው አይሂዱ። የሚያገኙት ክፍሉ በዚያ ቀን የት እንደነበረና ሞተርሳይክል ይጠቀም እንደነበረ ነው።

ለአሜሪካው፣ እኔ ለምኖርበት ለሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ የሆነው ኮሌጅ ፓርክ ሜሪላንድ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ወገኖቼ ይህን ቤት ብታውቁት እወዳለሁ፤ ለተመራማሪ ክፍት ነው። መታወቂያ አሳይተው የተመራማሪ ካርድ በነጻ ያወጣሉ። ኮትና ቦርሳ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ እስክሪብቶ አይገባም፤ በእርሳስ ነው የሚጻፈው። የሠራዊቱ የሲግናል ኮር (የመገናኛ ክፍል) ፎቶግራፎች በመዝገብ ክፍል 111፣ የጦር ክፍሎች ሪፖርቶች በመዝገብ ክፍል 407 ውስጥ ናቸው። በመጀመሪያ ቀኔ የወጣልኝ የፎቶግራፍ ሣጥን ውስጥ አንድ መልእክተኛ ሞተሩን አቁሞ ጫማውን እያሰረ ያለ ሥዕል ነበር። በታንኩ ላይ ያለው ቁጥር በጭቃ ተሸፍኗል። የሚታየው 6 ብቻ ነው። ያን ፎቶግራፍ አጉሊ መነጽር ይዤ ስንት ደቂቃ እንዳየሁት አላስታውስም።

ሻጩ «አያቴ የነዳው ነው» ካለ የአያቱን የአገልግሎት ማስረጃ ይጠይቁ። መዝገቡ ከሌለ ግን ወዲያው ውሸታም አያድርጉት። በሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ማዕከል በተነሳው እሳት ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ወታደሮች ፋይል 80 በመቶ ያህሉ ተቃጥሏል። ቤተሰቡ እጅ የቀረ የስንብት ወረቀት ካለ ግን የነበረበት ክፍል ተጽፎበታል፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሪፖርት መሄድ ይቻላል።

የቤተሰብ ፎቶግራፍ ካለም በስልክ የተነሳ ግልባጭ አይቀበሉ፤ ዋናውን ይዩ። ጀርባውን ያንብቡ፤ የታተመበትን ቀን ወይም የሳንሱር ማኅተም ይፈልጉ። በታንኩ ላይ የሚነበብ ቁጥር ካለና እርስዎ ከቀለም ሥር ካወጡት ጋር ከገጠመ ሥራው ተጠናቀቀ፤ በዚህ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅ በደብልዩ ኤል ኤ ላይ መቀመጡ ብቻ ግን በዚህኛው ላይ መቀመጡን አያሳይም። በሺዎች የሚቆጠሩ መንትዮች ነበሩት።

ግዢውና ጽሑፉ

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ በአፉ ያለውን በውሉ ላይ እንዲጽፍ ይጠይቁት። «ሞተርሳይክሉ በሰኔ 1944 ኖርማንዲ እንዳገለገለ አረጋግጣለሁ» ብለው በትሕትና ያስነብቡት። እውነተኛ ሰው «ይህን አላውቅም፣ እንዲህ ብለው ነው የሸጡልኝ» ይላል፤ እሱን አመስግነው ስለ ዋጋው እንደገና ይነጋገሩ።

ከዚያ ለራስዎ አንድ ወረቀት ያዘጋጁ፤ በሦስት ይክፈሉት፦ የተረጋገጠ፣ የሚመስል፣ የተባለ። እያንዳንዱን ግኝት በቦታው ያስፍሩ፤ ፎቶግራፉንና ያዩበትን ቀን ያያይዙ። «የተባለ»ን አይጣሉት። ዛሬ ወሬ የሆነ ነገር ነገ አንድ ሣጥን ሲከፈት ማስረጃ ሊሆን ይችላልና የነገረዎትን ሰው ቃል እንዳለ ይጻፉት።

የወዳጄን ሃርሊ አንድ ቅዳሜ አብረን ሄደን መረመርነው። የሞተር ቁጥሩ ንጹሕ ነው፤ ማንም አልነካውም። የሆዱ ቁጥሮች ይመሳሰላሉ። ማኅደሩና ሰሌዳዎቹ አዲስ ናቸው። ከመሪው አንገት ሥር ያሸነው ቦታ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ደነዝ አረንጓዴ ሰጠን፤ ታንኩ ግን እስከ ብረቱ ተቦርሾ ስለተቀባ ቁጥሩ ከጠፋ ቆይቷል። ሻጩ ስለ ኖርማንዲ የሰማው ከቀድሞው ባለቤት ነበር፤ ሰውየው በሕይወት የለም። ውሉ ላይ አልጽፍም አለ። ወዳጄ የኖርማንዲን ዋጋ ቀንሶ የደብልዩ ኤል ኤን ዋጋ ከፈለ። ወረቀቱን በእርሳስ ሞልተን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገን መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥነው። «የተረጋገጠ» በሚለው ሥር፦ በጦርነቱ ዘመን ለአሜሪካ ሠራዊት የተሠራ። «የሚመስል» በሚለው ሥር፦ ሞተሩ ከሻንሲው ጋር ከጥንት አብሮ የኖረ። «የተባለ» በሚለው ሥር፦ ኖርማንዲ።